የእኔና የዘይነባ የጨው ቃል

ለደም ግፊት ብላችሁ ጨው የተዋችሁ፣ ሽንት የሚያሸና ኪኒን የምትውጡ፣ "ውሃ በብዛት ጠጡ" የተባላችሁ ሁሉ፣ በተለይ እንደ እኔ ዕድሜ የተጫናችሁ ሴቶች፣ ይህን ቁጭ ብላችሁ አንብቡልኝ። ዓይናችሁ የደከመ እንደሆነ ልጆቻችሁን አስነብቡ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ ሐኪም ነኝም አልልም። በገዛ አካሌ ላይ የደረሰውን ግን ከእኔ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም።

ስሜ አስካለ ነው። ጅማ፣ ጊንጆ እኖራለሁ። ስለ እኔ ሰፈር ውስጥ ብትጠይቁ ሁለት ነገር ይነግሯችኋል፤ ምላሷ ስለታም ነው፣ ስፍሯ ግን የታመነ ነው ይሏችኋል። ሁለቱም እውነት ነው።

ወጣት ሳለሁ ሊሙ ገነት አጠገብ ባለ የቡና እርሻ ላይ ቡና ሰፋሪ ነበርኩ። ለቃሚዎቹ የለቀሙትን ቀይ ቡና ማታ ማታ እያመጡ በጣሳ ይሰፈርላቸዋል፤ የሚከፈላቸውም በጣሳ ቁጥር ነው። አለቃው ጣሳውን እንደ ጉብታ እስኪቆለል ሞልቶ "አንድ" ይላል። እኔ ክንዴን በጣሳው አፍ ላይ አሳልፌ፣ የተቆለለውን ወደ ለቃሚዋ ቅርጫት መልሼ፣ ከዚያ ነው "አንድ" የምለው። አለቃው በዚህ ተናዶ ሊያባርረኝ ሲነሳ፣ አንዲት ቀጭን ለቃሚ ቅርጫቷን መሬት ላይ ወርውራ "እሷ ከሄደች እኔም አልለቅምም" አለች። ሌሎቹም ቅርጫታቸውን አስቀመጡ። አለቃው ማባረሩን ተወ። ያቺ ቀጭን ልጅ ዘይነባ ናት።

አሁን ቀጭን አይደለችም። ሁለታችንም ባሎቻችንን ቀብረን በአንድ አጥር ግራና ቀኝ እንኖራለን። እሷ በልጄ ስም "ሃዳ ታደሰ" ትለኛለች፣ የታደሰ እናት ማለቷ ነው። እኔ ዘይኔ እላታለሁ። ከአባቷ የወረሰችውን ትንሽ የቡና ማሳ ሊሙ ገነት ላይ አብረን እናስኮተኩታለን፤ የደረቀው ቡና በጆንያ ሲመጣልን እኩል እንካፈላለን። የምሰፍረው እኔ ነኝ። አንድም ቀን ቆጥራብኝ አታውቅም።

ነገሩ የጀመረው ሁለታችንም በአንድ ቀን ጤና ጣቢያ ሄደን ደም ግፊታችንን ስንለካ ነው። የእኔ ከፍ ብሎ ስለተገኘ በየጠዋቱ የምትዋጥ፣ ሽንት የምታሸና ኪኒን ሰጡኝ። ጨውም ቀንሺ አሉኝ። የዘይነባ ትንሽ ብቻ ስለነበረ ለእሷ ኪኒን አልሰጧትም፤ ጨው ቀንሺ ብቻ ተባለች።

በባጃጅ ስንመለስ ይህ "ቀንሺ" የሚሉት ነገር አላስቀምጥ አለኝ።

"መቀነስ ማለት ስንት ነው?" አልኳት። "ያንቺ ቁንጥር ትልቅ ነው፣ የእኔ ትንሽ። ስፍሩ ያልታወቀ ነገር አልወድም። ሁለታችንም እኩል ፈጽመን እናቁም።"

ዘይነባ ያገሯ ልማድ ሆኖ ቡና የምትጠጣው በጨው ነው። እኔንም ያስለመደችኝ እሷ ናት። ደነገጠች።

"ቡናዬንስ?"

"ቡናሽንም።"

"ወላሂ አንቺ ሴትዮ ከሐኪሙ ትብሻለሽ! ሐኪሙ ቀንሺ ነው ያለኝ፣ ሙቺ አላለኝም።"

"ቃል ግቢልኝ።"

"እሺ በቃ፣ ቃሌ ነው። ሾፌር፣ ምስክር ሁነኝ፤ ዛሬ ነፍሴን ተረከበችኝ።"

የባጃጁ ሾፌር እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ የጨው ዕቃዬን ለጎረቤት ሰጠሁ። ቃል ቃል ነው።

ሁዳዴ ገባ። እንደ ወትሮዬ ጾምኩ። እህል የምቀምሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሱም ጨው የሌለው ጎመን ወይም ጨው የሌለው ሽሮ። ምግቡ ጉሮሮዬ ላይ ይቆም ስለነበር ብዙም አልበላም። ኪኒኔን ግን አንድም ቀን አላዛነፍኩም።

መጀመሪያ ራስ ምታት መጣ። ቀጥሎ ማቅለሽለሽ። ከዚያ የእግሬ ባት ይኮማተርና እንደ ገመድ ይጠመዘዛል። ስነሳ መሬቱ የሚንሸራተት ይመስለኛል። ልጄ ታደሰ አንድ ክሊኒክ ወሰደኝ። ደም ወስደው ታይፎይድ ነው አሉ፤ መድኃኒት ሰጡኝና "ውሃ በብዛት ይጠጡ" አሉኝ። አልተሻለኝም። ሌላ ክሊኒክ ሄድን። እዚያ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ነው አሉና ሌላ መድኃኒት ሰጡኝ፤ "ውሃ፣ እማማ፣ ውሃ! ኩላሊትዎ ይታጠብ" አሉኝ። ሁለቱም ቦታ ምን ኪኒን እንደምውጥ አልጠየቁኝም፤ እኔም ከሕመሜ ጋር የሚገናኝ አልመሰለኝምና አልነገርኳቸውም። እናንተ ግን ባትጠየቁም ተናገሩ። የምትውጡትን ሁሉ በላስቲክ ቋጥራችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ስንት ውሃ እንደሆነ የነገረኝ ስለሌለ ስፍሩን ራሴ አወጣሁ። ባለ አምስት ሊትሯን ቢጫ የዘይት ጀሪካን ጠዋት ሞልቼ አልጋዬ አጠገብ አስቀምጥና ማታ ባዶዋን አደርጋታለሁ። ራሴን ባመመኝ ቁጥር መድኃኒት ነው ብዬ እጨምራለሁ። ውሃ ማንን ይጎዳል?

አንድ ቀን ከሊሙ ገነት ቡናችን መጣ። ከዚህ በታች ያለውን አብዛኛውን የነገረችኝ የልጄ ሚስት ጫልቱ ናት፤ እኔ የማስታውሰው ቁርጥራጩን ነው። ጫልቱ ጆንያ ልትይዝልን መጥታ ነበር። እኔ ጣሳዬን ይዤ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። "አንድ ላንቺ፣ አንድ ለእኔ" እያልኩ ጀመርኩ። መሃል ላይ እጄ አየር ላይ ቆመ። የማን ተራ እንደሆነ ጠፋኝ። እንደ ሕፃን ሰው ሰው አየሁ፤ ከዚያ ሰፈርኩ፤ እንደገና ቆምኩ። ለዘይነባ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ እያከታተልኩ ገለበጥኩላት።

"ሃዳ ታደሰ፣ ተራው ያንቺ ነው" ትለኛለች።

"ዝም በይ፣ አታምታቺኝ!"

ሲያልቅ የእሷ ጆንያ ሞልቷል፤ የእኔ ከግማሽ በታች ነው። እኔ ተነስቼ ጣቴን ወደ እሷ ቀሰርኩ።

"ሰረቅሽኝ" አልኩ። "ሌባ!"

ዘይነባን። ለእኔ ብላ ቅርጫቷን የወረወረችውን።

ጫልቱ እንደምትለው ዘይነባ አልተቆጣችም። "ማል ታቴ? ምን ሆነሻል እህቴ?" ብላ ግንባሬን ልትዳስስ እጇን ዘረጋች። እጇን መታሁት። ያን ጊዜ ተነሳች፤ የራሷን ጆንያ አንስታ፣ ያለውን ቡና ሁሉ የእኔ ላይ ገለበጠችው፣ ባዶውን ጆንያ አራግፋ አስቀመጠችው፣ ሻርፗን እንኳ ሳታነሳ ወጣች።

በማግስቱ ታደሰና ጫልቱ ጓሮ ቆመው ሲነጋገሩ ሰማሁ። ታደሰ ሰቶ ሰመሮ የሚኖር አስተማሪ ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው፤ ሲጨነቅ ግን ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ይመስለዋል እንጂ አያደርግም።

"ጃጅታለች፣ ጫልቱ። እያየሽ ነው። ቤቱን አከራይተን እኛ ጋ እንውሰዳት። ብቻዋን ልትተው አትችልም።"

"አልጃጁም" አለች ጫልቱ። "ባለፈው ገና እኮ የልጃችንን የሂሳብ ስህተት ያረሙት እሳቸው ናቸው። ሰው እንዲህ በአንድ ጊዜ አይጃጅም። ታመው ነው።"

"ሁለት ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ምን ላድርግ?"

"ሦስተኛ ውሰዳቸዋ!"

ይህችን ልጅ ታደሰ ሲያመጣት በሆነ ባልሆነው ስገስጻት ነበር። በዚያ ጓሮ ለእኔ የቆመችው እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ፍርሃት ያዘኝ። ሞትን አልፈራሁም። የፈራሁት ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብዬ የማላውቃት ሌላ አስካለ መሆንን ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ብቻዬን ሆኜ ራሴን እፈትናለሁ። የልጆቼን ስም፣ የልጅ ልጆቼን ስም፣ ከመንገዱ መጀመሪያ ጀምሮ የጎረቤቶቼን ስም በተራ እጠራለሁ። አንድ ምሽት አጥሩ ጋ ደርሼ ከአጥሩ ማዶ ያለችው ሴት ስም አልመጣልኝ አለ። ፊቷ ይታየኛል፤ ሳቋ ይሰማኛል፤ ስሟ የለም። አለቀስኩ። ከዚያ ምን አደረግኩ? ጀሪካኗን አንስቼ ጠጣሁ።

ጫልቱ ባሏን አሸንፋ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰዱኝ። የመጠበቂያው አግዳሚ ሞልቶ ነበር። አንዲት ከገጠር የመጣች ነፍሰ ጡር ሴት፣ እሷም እያመማት፣ ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። "አይሆንም፣ ተራሽ ነው፣ ተቀመጪ" ብዬ ስከራከራት እንደነበር እያነሳች ጫልቱ ትስቃለች፤ አእምሮዬ ሁሉንም ትቶ ተራ ብቻ አልረሳም። ከዚያ አግዳሚው ላይ ደርቄ መንቀጥቀጥ ጀመርኩ። አፌ አረፋ ደፈቀ። አንዱ ክብሪት ጭሩባት አለ፣ ሌላው የያዛት ነገር አለ አለ። ጫልቱ ጮኻ ሐኪም ጠራች። ተራዬን ሳልጠብቅ የገባሁት በዚህ ነው።

ስነቃ አንዲት ወጣት ሐኪም አጠገቤ ቆማለች፤ ዶክተር ሕይወት ትባላለች፤ አነጋገሯ የአዲስ አበባ ነው።

"እማማ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?"

"አንቺ ሐኪም ሆነሽ ቀኑን አታውቂውም?" አልኳት።

አልተቀየመችም። ደሜን አስመርምራ ውጤቱን ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠና ወንበር ስባ ከጫልቱ ጋር ተቀመጠች። ጫልቱ ኪኒኖቼን ሁሉ በላስቲክ ይዛ መጥታ ነበር። ዶክተሯ አንድ በአንድ አየቻቸው። ቀጥላም ስለ ሕመሜ ሳይሆን ስለ ኑሮዬ ጠየቀች።

"ምን ይበላሉ?"

"ጎመን። ትንሽ። ያለ ጨው" አለች ጫልቱ።

"ምንም ጨው?"

"አንድ ቀን ወጣቸው ላይ ጣል ባደርግ ድስቱን ደፉብኝ። ቃል ገብቻለሁ አሉኝ።"

"ውሃስ?"

"ጀሪካን።"

"ጀሪካን ማለት?"

ጫልቱ የጀሪካኗን ቁመት በእጇ አሳየቻት። ዶክተሯ ዓይኗን ጨፈነች።

ያን ጊዜ ከበሩ አካባቢ የለቅሶ ድምፅ መጣ። ዘይነባ ናት። ሌባ ብያት፣ እጇን መትቼ፣ ከኋላዬ በሌላ ባጃጅ ተከትላን መጥታለች።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ዶክተር" አለች። "ጨው እንዳንነካ ቃል ተገባብተን እኔ ቃሌን በላሁ። በሻርፔ ጫፍ ቋጥሬ ቡናዬ ውስጥ እጨምር ነበር። አላህ እኔን መቅጣት ሲገባው እሷን ቀጣት!"

"እማማ፣ እርስዎ ጨው ስለበሉ አይደለም እሳቸው የታመሙት" አለቻት ዶክተሯ። "እሳቸው ጭራሽ ስላልበሉ ነው።"

እኔ በዚያ ድካም ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ሰማሁ።

"ስንት ጊዜ ነው የጨመርሽው?" አልኳት።

ዘይነባ አፍንጫዋን ጠረገች። "በየቀኑ፣ ሃዳ ታደሰ።"

"በየቀኑ!"

"ጠዋትም፣ ማታም።"

ሐኪሟ ሳቋን መያዝ አቃታት። ታደሰም ሳቀ፣ ወዲያው ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።

የነገሩን ፍሬ እንደ ተረዳሁት ልንገራችሁ። በጨው ውስጥ ሶዲየም የሚባል ነገር አለ። በደማችን ውስጥ በልኩ መኖር አለበት። ሲበዛ እንደሚጎዳ ሁሉም ያውቃል፤ ሲያንስ እንደሚጎዳ ግን እኔ አላውቅም ነበር። የእኔ ኪኒን ሽንቴን ስታሸና ሶዲየሙንም ይዛው ትወጣለች። ምግቤ የወጣውን አይተካም። በላዩ ላይ ውሃ ሳፈስበት የቀረችው እየቀጠነች ሄደች። ያን ጊዜ ውሃው ወደ አንጎል ይገባና አንጎል ያብጣል። ራስ ምታቱም፣ ማቅለሽለሹም፣ መርሳቱም፣ መንቀጥቀጡም ከዚያ ነው። ዶክተር ሕይወት እንዳለችኝ፣ ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ ላልነቃ እችል ነበር። እንዲህ ያለው ነገር እንደ እኔ ባረጁት ላይ ይበረታል። ይህችው ኪኒን ለብዙ ሰው ደኅና መድኃኒት ናት፤ ለእኔ ግን ዶክተሯ ቀየረችልኝ። እናንተ ይህን አንብባችሁ ኪኒናችሁን በራሳችሁ እንዳትጥሉ! ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ደማችሁን አስለኩ።

"ታዲያ ጨው ከጎደለኝ ጨው አምጡልኛ!" አልኳት። "አንድ ማንኪያ ልዋጥና ቤቴ ልግባ።"

"አይሆንም፣ እማማ። በአንድ ጊዜ ከፍ ካለ ደግሞ አንጎልን ይጎዳል። ቀስ ብለን ነው የምንመልሰው።"

በግሉኮስ ዘንግ ላይ በተሰቀለ ከረጢት ጠብ ጠብ እያደረጉ፣ በየጥቂት ሰዓቱ ደም እየወሰዱ መለሱልኝ። ውሃም ከለከሉኝ፤ በትንሽ ኩባያ ብቻ ሆነ። ጀሪካን የለመደ ሆድ ያ ኩባያ ምን ያደርግለታል? ምላሴ ላንቃዬ ላይ ሲጣበቅ፣ በጎኔ ባለው አልጋ ላይ የተኛች፣ ስሟን እንኳ ያልጠየቅኳት ሴት፣ ነርሷን አስፈቅዳ ጥጥ በውሃ ነክራ ከንፈሬን ታብስልኝ ነበር። የእሷን ውለታ አምላክ ነው የሚከፍላት።

ዘይነባ ግን አላረፈችም። አንድ ከሰዓት በኋላ ፔርሙዝ በሻርፗ ሸፍና መጣች። አንድ ወንድ ነርስ በሩ ላይ ያዛት።

"ምንድን ነው ይሄ፣ እማማ?"

"ሻይ ነው።"

ከፍቶ አሸተተው። "ቡና ነው። ደግሞ ጨው አለው አይደል?"

"ጨው ጎደላት አላላችሁም እንዴ? ይኸው አመጣሁላችኋ! እናንተ በጠብታ የምትሰጧትን እኔ በሲኒ ልስጣት፣ ምን አለበት?"

"እማማ ዘይነባ፣ ይገድሏታል!"

"በሉ እንግዲህ" አለች ዘይነባ ተስፋ ቆርጣ፣ "ስትበላው ትሞታለች፣ ሳትበላው ትሞታለች፤ እኔ በየቀኑ ስበላው ምንም አልሆንኩም።"

ነርሱ ፔርሙዙን ወሰደው። ዘይነባ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሬን ታሸኝ ጀመር። ያን ቀን አእምሮዬ እንደ ጠራ ሰማይ ነበር። ጫልቱ ጠዋት የቡናውን ነገር ሁሉ ነግራኝ ነበርና ዘይነባን አፍሬ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

"ዘይኔ" አልኳት። ስሟ ሳልፈልገው መጣልኝ። "ሌባ ብዬሻለሁ አሉ።"

"ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም። ውሃው ነው።"

"እጅሽንም መታሁ።"

"እሱ አንቺ ነሽ፤ እጅሽ ከድሮም ከባድ ነው።"

ከፋሲካ በፊት ከሆስፒታል ወጣሁ። ታደሰ ወደ ሰቶ ሰመሮ ሊወስደኝ ዕቃዬን ሲሰበስብ ዶክተር ሕይወት አስቆመችው። "የእናትህ መርሳት የእርጅና አልነበረም" አለችው። "ደኅና የነበሩ አዛውንት በድንገት ሲያምታቱ ስታዩ ጃጁ ብላችሁ አትቀመጡ፤ ምክንያቱን አስፈልጉ።" ጫልቱ ዞራ ባሏን አየችው። ቤቴን ማንም አልተከራየውም። እኔም ጫልቱን መገሰጽ ትቻለሁ፤ ማለት ቀንሻለሁ።

ክትትል ስሄድ ዘይነባን ጎትቼ ወሰድኳት። የእሷ ግፊት ወጥቶ ተገኘ። ዶክተሯ ለእኔ በወጤ ውስጥ መጠነኛ ጨው ፈቀደችልኝ፤ ውሃም ሲጠማኝ ብቻ። ለዘይነባ ደግሞ ኪኒን ሰጥታ የቡናውን ጨው ከለከለቻት።

"ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?" አለች ዘይነባ ባጃጅ ውስጥ። "ቃሏን የጠበቀችው ተፈቀደላት፣ ያፈረሰችው ተከለከለች!"

"እሱማ ትክክለኛ ፍርድ ነው" አልኳት።

እውነቱን ለመናገር ግን መንገዱን ሙሉ አሰብኩበት። ዕድሜዬን ሙሉ ለሁሉም በአንድ ጣሳ ስሰፍር ኖሬአለሁ፤ ለቡና ልክ ነው። ለሰው አካል ግን እያንዳንዱ የራሱ ጣሳ አለው፤ የጎረቤታችሁን ስፍር አትውሰዱ። የእኔንም ጭምር።

ቤት እንደደረስን ቡናው የተገለበጠበትን ጆንያ ጎትቼ አወጣሁና ሁለት ባዶ ጆንያ አስቀመጥኩ። በርጩማውን ለዘይነባ ሰጠኋት። ጣሳውንም።

"ዛሬ አንቺ ስፈሪ።"

"እኔ? ከመቼ ወዲህ?"

"ስፈሪ አልኩሽ።"

ሰፈረች። የራሷን ጣሳ እያጎደለች፣ የእኔን እንደ ጉብታ እየቆለለች ትገለብጣለች፤ የማላይ መስሏት። ጥቂት ታገስኳት። የሚቀጥለውን የእኔን ስትሞላ ጎንበስ ብዬ ክንዴን በጣሳው አፍ ላይ አሳለፍኩ። የተቆለለው ቡና እየተንሻለለ ወደ እሷ ጆንያ ወረደ።

ዘይነባ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኖቿ ሞልተው ነበር።

"አልሐምዱሊላህ" አለች። "አሁን ድነሻል።"